ለወገቤ ማን ጋ ልሂድ?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ለንደን ነው፤ 43 ዓመቴ ነው። አዛውንቶችን ቤት ለቤት እየዞርኩ የምረዳ ኬረር ነኝ። ወገቤን ካመመኝ አራት ወር አለፈ። መጀመሪያ ወገቤ ላይ ብቻ ነበር። አሁን በግራ እግሬ ወርዶ እስከ ባቴ ይወረኛል። ቁጭ ብዬ ስነሳ ቀጥ ማለት ያቅተኛል። እናቴ በስልክ ‹ብርድ ነው፤ ወጌሻ ፈልገሽ ታሺ፤ ወገብሽንም በመቀነት ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ› ትለኛለች። እያሰርኩ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ እሷ የዳነችበት ክሊኒክ ወሰደችኝ። ዌብሳይታቸው ላይ የሠራተኞቹ ፎቶ ተደርድሯል። ፊዚዮቴራፒስት የሚል አለ፣ ስፖርት ቴራፒስት የሚል አለ፣ የፒላቴስ አስተማሪ አለ፣ ስፖርት ማሳጅ የሚሠሩም አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል። ለእኔ ሁሉም ሐኪም ነው የሚመስሉኝ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ የ10 ጊዜ ማሳጅ ባንዴ ከከፈልኩ ቅናሽ አለው አለችኝ። ካርዴን አውጥቼ ልቤ እምቢ አለኝና መለስኩት። ማን ጋ ልሂድ? ወንድ ከሆነ ልብሴን ማውለቅ አፍራለሁ። ጾሙም እየመጣ ነው፤ ስግደት ልተው እንዴ? ወ. ነኝ ከለንደን።»

እህቴ ወ.፣ ካርድሽን መመለስሽ ደግ አደረግሽ። ክሊኒኩ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ፊዚዮ፣ ፒላቴስ የሚባለው ሆድና ወገብ የሚያጠነክር ስፖርትና ማሳጅ ባንድ ጣሪያ ሥር ያሉበት ቦታ ለሚያውቅበት ሰው ጥሩ ነገር ነው። ግን እስካሁን ማንም አልመረመረሽም። ሳይመረመሩ የ10 ጊዜ ሕክምና መግዛት ደግሞ አይሆንም። እኔ ራሴ እዚሁ እንግሊዝ አገር ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴና በእጅ የማክም ባለሙያ ነኝ። ለሙያዬ ላዳላ እችላለሁና ይህን አውቀሽ አንብቢኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። ብልትሽ፣ መቀመጫሽ ወይም የጭኖችሽ መሀል ደንዝዞሻል? ስትታጠቢ ስሜቱ ተለውጦብሻል? ሽንት መጀመር ወይም መያዝ አቅቶሻል? ሰገራ ያመልጥሻል? ሁለቱም እግሮችሽ ባንድ ጊዜ ዝለዋል? ለአንዱ እንኳ መልስሽ «አዎ» ከሆነ ይህን ጽሑፍ አስቀምጪና አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ክሊኒክም፣ ቀጠሮም፣ ነገም አይባልም። ከአከርካሪ ግርጌ ያሉት ነርቮች ሲታፈኑ የሚመጣ ነገር ነው። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም። የደረሰበት ሰው ግን ቶሎ ካልታከመ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ይህን አጥብቄ የማነሳው በምክንያት ነው። የእኛ ሰው ስለ ሽንትና ስለ ብልት ማውራት ያፍራል። በተለይ ሴቶች «ይሻለኛል» እያልን እንደብቃለን። እዚህ ላይ ማፈር አያዋጣም።

ሁለተኛው ደግሞ ይሄ ነው። ማታ ማታ ያልብሻል? ያተኩስሻል? ሳትጾሚ፣ ሳትሞክሪ ከሳሽ? ሕመሙ ተኝተሽም ሆነ ተገላብጠሽ አይለቅሽም? እንዲህ ከሆነ ወደ ጂፒ (የሰፈርሽ ሐኪም) ሂጂና ከየት አገር እንደመጣሽ ንገሪ። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) አከርካሪ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከአገር ቤት ከወጣን ከብዙ ዓመት በኋላም ሊነሳ ይችላል። እዚህ ያለ ሐኪም ሁሉ ቶሎ ላያስበው ይችላል፤ አንቺ ካነሳሽለት ግን ያስበዋል። ካንሰር ታክመሽ ከነበረ፣ ወይም ክፉኛ ወድቀሽ ከነበረም እንደዚሁ ጂፒ ይቀድማል።

እነዚህ ሁሉ ከሌሉሽ፣ የጻፍሽልኝ ነገር በየቀኑ የማየው ዓይነት ነው። ከወገብ ተነስቶ በእግር የሚወርድ፣ ባት ላይ የሚወር ሕመም ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ የተቆጣ ነርቭ ነው። ያስፈራል እንጂ አብዛኛው ሰው ቀስ በቀስ ይሻለዋል። ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለው ልስልስ ትራስ) እንኳ ወጥቶ ቢሆን ሰውነት በጊዜ ብዛት ራሱ የሚያሟሟው ጊዜ ብዙ ነው። ያለ ኦፕሬሽን።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ እንምጣ።

እንግሊዝ አገር «ፊዚዮቴራፒስት» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው። ማንም ተነስቶ ራሱን እንዲህ ብሎ መጥራት አይችልም። ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ሆስፒታል ውስጥ ተለማምዶ፣ ኤች ሲ ፒ ሲ በሚባለው ተቆጣጣሪ አካል መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። የሰውየውን ስም ትጽፊያለሽ፤ ሙያው «ፊዚዮቴራፒስት» የሚለውን ትመርጫለሽ። የሚወጣው ቁጥር ፒ ኤች በሚሉት ሁለት ፊደላት ይጀምራል። ስሙ ከሌለ ፊዚዮቴራፒስት አይደለም፤ በቃ። ይህን ማየት ነውር የለውም። እኔ ጋ ብትመጪም እኔንም ፈትሺኝ። አንዳንዶቹ ከስማቸው ኋላ ኤም ሲ ኤስ ፒ የሚልም ይጽፋሉ። የፊዚዮዎቹ ማኅበር አባል ናቸው ማለት ነው።

ስለ ማኅበሩ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከጥያቄሽ ጋር ይገናኛል። የተመሠረተው በ1894 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)፣ እዚያው ለንደን ውስጥ። መሥራቾቹ አራት ሴቶች ናቸው፤ ነርሶችና አዋላጆች። መጀመሪያ የተጠራው የሠለጠኑ የማሳጅ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ተብሎ ነበር። ያኔ ለንደን ውስጥ በማሳጅ ስም ሌላ ሥራ የሚሠራባቸው ቤቶች ስለነበሩ ጋዜጣው ሁሉ ያንን ያወራ ነበር። ሴቶቹ የሙያቸውን ስም ለመጠበቅ ፈተናና ደንብ አወጡ። በ1920 የንጉሥ ቻርተር አገኙ። ስለዚህ ማሳጅን የምንቅ እንዳይመስልሽ። እኛ ፊዚዮዎች የወጣነው ከዚያው ነው። በእጅ መንካት ዛሬም የሥራችን አካል ነው።

ወደ ሌሎቹ እንለፍ። «ስፖርት ቴራፒስት» የሚለው መጠሪያ በሕግ አልተጠበቀም። በዲግሪ የተማሩ፣ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጉዳት ከእኔ በላይ የሚያውቁ ልጆች አሉ። አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ችግሩ መጠሪያው ብቻውን ምንም አያረጋግጥልሽም። ትምህርቱን መጠየቅ አለብሽ። የስፖርት ማሳጅ ባለሙያም እንዲሁ ነው። ሥልጠናው ደረጃ 3፣ 4፣ 5 እየተባለ ይሄዳል። ደረጃ 3 የሆነው ጤነኛ ጡንቻ ማሸት ነው የተማረው። ጉዳት ያለበት ሰው ላይ መሥራት ከዚያ በላይ ባሉት ደረጃዎች ይመጣል። የመንግሥት ቁጥጥር የለባቸውም። ሲ ኤን ኤች ሲ የሚባል በፈቃደኝነት የሚመዘገቡበት መዝገብ ግን አለ። እዚያ ላይ ያለ ሰው ቢያንስ ሥልጠናውና ኢንሹራንሱ ታይቶለታል።

ፒላቴስ ደግሞ የሰው ስም ነው። ጆሴፍ ፒላቴስ በ1883 ጀርመን ተወለደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንግሊዝ አገር ስለነበር እንደ ጠላት ዜጋ ተቆጥሮ አይል ኦፍ ማን በምትባለው ደሴት ካምፕ ውስጥ ታሰረ። እዚያ እስረኞችን ስፖርት ያሠራ ነበር። በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ሄዶ ስቱዲዮ ከፈተ፤ ጉዳት የደረሰባቸው ዳንሰኞች ይጎርፉለት ጀመር። በ2000 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ስሙ የማንም የንግድ ምልክት አይደለም ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የሳምንት መጨረሻ ኮርስ የወሰደውም፣ ዓመታት የተማረውም እኩል «የፒላቴስ አስተማሪ» ነው። አስተማሪዋን «ወገቡን የታመመ ሰው አሠርተሽ ታውቂያለሽ? ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» ብለሽ ጠይቂያት። 20 ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ያንቺን ግራ እግር የሚያይልሽ የለም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፊዚዮ ይመርምርሽ። እግርሽ ላይ የሚወር ነገር እስካለ ድረስ ማሳጅ ወይም ፒላቴስ የመጀመሪያ በር መሆን የለበትም። የነርቭሽን ጥንካሬ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ደግሞ ገንዘብ ላያስወጣሽ ይችላል። በብዙ አካባቢ ኤን ኤች ኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ውስጥ ጂፒ ሳይልክሽ ራስሽን ወደ ፊዚዮ መላክ ትችያለሽ። ፎርም ሞልቶ መላክ ወይም መደወል ነው። ብዙ ጂፒ ቤቶች ደግሞ እዚያው የሚቀመጥ ፊዚዮ አላቸው። ሪሴፕሽን ደውለሽ «ለወገብ ሕመም በቀጥታ ፊዚዮ ማየት እችላለሁ ወይ?» በያቸው። ወረፋው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ አልዋሽሽም። እየጠበቅሽ በግል አንድ ጊዜ መታየት ከፈለግሽ ይሁን። ለንደን ውስጥ የግል ፊዚዮ አንድ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ60 ፓውንድ በላይ ነው። ለ10 ማሳጅ ልትከፍዪ ከነበረው ግን በጣም ያንሳል። እንግሊዝኛው የሚከብድሽ ከሆነ ኤን ኤች ኤስ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል። ቀጠሮ ስትይዢ ተናገሪ። ልጅሽን ይዘሽ እንዳትሄጂ። ልጅ ፊት ስለ ሽንትሽ አታወሪም።

ጥሩ ምርመራ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ አውቀሽ ግቢ። መጀመሪያ ብዙ ትጠየቂያለሽ። መቼ ጀመረ? ምን ያባብሰዋል? ምን ያቀለዋል? ሥራሽ ምንድን ነው? እንቅልፍሽስ? እኔ ከላይ የጠየቅኩሽን የሽንት ጥያቄም ይጠይቁሻል። ካልጠየቁሽ ራስሽ አንሺ። ከዚያ ቆመሽ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ትጎነብሻለሽ። በተረከዝሽና በጣቶችሽ ጫፍ ትራመጃለሽ። ተኝተሽ እግርሽን ቀጥ አድርገው ያነሱታል። የአውራ ጣትሽን ጉልበት ይፈትናሉ። ጉልበትሽንና ተረከዝሽን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ነርቭሽ እንዴት እንዳለ ለማወቅ ነው። በመጨረሻ ምን እንዳገኙ በሚገባሽ ቃል ይነግሩሻል። ቤት የምትሠሪው ጥቂት እንቅስቃሴ ይሰጡሻል። መቼ መሻል እንዳለብሽም ይነግሩሻል።

ስለ ልብስ አትጨነቂ። ቁምጣና ካናቴራ ይዘሽ ሂጂ። እሱን ለብሰሽ ማየት ይችላሉ። ሴት ትየኝ ማለት መብትሽ ነው፤ ቀጠሮ ስትይዢ ተናገሪ። ወንድ ብቻ ካለ ደግሞ ሌላ ሰው አብሮሽ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ መጠየቅ ትችያለሽ። ከመንካታቸው በፊት ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ነግረው ፈቃድሽን መጠየቅ አለባቸው። «ይብቃኝ» ስትይ ማቆም አለባቸው። ማሳጅ ላይም ቢሆን የሚሠራበት ቦታ ብቻ ይገለጣል እንጂ ሌላው በፎጣ ይሸፈናል። ካልተመቸሽ ተነስተሽ ልበሺና ውጪ። ማንንም አታስቀይሚም።

ባንጻሩ «ዲስክሽ ወጥቷል፣ እኔ ቦታው መለስኩልሽ» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ አትመኚው። ዲስክ በእጅ ተገፍቶ አይመለስም። «በሳምንት ሁለቴ ለሦስት ወር ካልመጣሽ ይብስብሻል» የሚልም እንዲሁ። ሰውን አስፈርቶ ማስያዝ ሕክምና አይደለም።

«ኤምአርአይ ካልተነሳሁ» ብለሽ እንዳትጨነቂም አደራ። በ2015 የወጣ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ወገባቸውን ምንም ያላመማቸውን ሰዎች ምስል አየ። 40 ዓመት አካባቢ ካሉት ጤነኞች ግማሾቹ ዲስካቸው ያበጠ ነበር። 68 በመቶው ደግሞ ዲስካቸው አርጅቷል። ምንም ሳያማቸው! አንቺ ብትነሺም የሆነ ነገር ይታይ ይሆናል፤ ሕመምሽ ከዚያ መምጣቱን ግን ምስሉ ብቻውን አይነግርሽም። የእግርሽ ጉልበት እየደከመ ከሄደ ወይም ኦፕሬሽን የሚታሰብ ከሆነ ያኔ ያስፈልጋል።

አሁን የማሳጁን ነገር እውነቱን እንነጋገር። ጓደኛሽ «ዳንኩ» ያለችው ውሸት አይደለም። ጥሩ እጅ ሲያሽ ጡንቻ ይላላል፣ ሕመም ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይመጣል። ለአንድ ለሁለት ቀን ሰው ትሆኛለሽ። በአራት ወር ውስጥ ማንም ያልነካው ጀርባ ሲነካ ሸክም የወረደ ያህል ነው። እኔም ይህን አልነፍግሽም። ግን በራሱ ወገብሽን አያጠነክረውም። ነገ አዛውንቷን ከአልጋ ስታነሺ የሚይዝሽ ጡንቻ አይሠራልሽም። በ2016 የወጣው የእንግሊዝ የወገብ ሕመም መመሪያም ይህንኑ ነው የሚለው። ማሸት ይፈቀዳል፤ ግን ከእንቅስቃሴ ጋር ተደምሮ ብቻ። ያው መመሪያ ለወገብ ቀበቶና ማሰሪያ አትስጡ ይላል። የእናትሽ መቀነት ለጊዜው ደገፍ ያደርግሻል፤ ሙቀቱም ደስ ይላል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ ከዋለ ግን ወገብሽ መንቀሳቀስ ይፈራል። ቀስ በቀስ ፍቺው። ሙቀቱን ከወደድሽው የሞቀ ውኃ ላስቲክ ይሻላል።

አገር ቤት ወጌሻ ሲይዘን ሲያመን «እሰይ፣ አገኘው» እንላለን። እዚህም ስፖርት ማሳጅ የሚሠሩ አንዳንዶች ክርናቸውን ሰክተው እስክታለቅሺ ይጫናሉ። እንዲህ መሆን የለበትም። ቆዳሽ እስኪበልዝ መታሸት የሚጨምረው ነገር የለም። የተቆጣ ነርቭ ደግሞ ሲጫኑት ይብስበታል። እናትሽ ያለችውን ወጌሻም ቢሆን ለዚህ ሕመም አልመክርሽም። ድንገት መጠምዘዝ፣ «ላስገባው» ብሎ መጎተት ይኖራል። እግርሽ ላይ እየወረደ ላለ ሕመም ይሄ አደጋ ነው። በስልክ ለእናትሽ «ሐኪም አየኝ» በያት፤ ደስ ይላታል።

ሌላም አለ። ለደም ማቅጠኛ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ አጥንትሽ ሳስቷል ተብለሽ ከሆነ ከመታሸትሽ በፊት ተናገሪ። ደግሞም ባትሽ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ካየሽ በፍጹም እንዳያሹሽ። በተለይ ከአዲስ አበባ ከመጣሽ ገና ከሆነ። ረጅም በረራ ደም እግር ውስጥ እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ያ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ፒላቴስስ? ከተመረመርሽ በኋላ ጥሩ ሊሆንልሽ ይችላል። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የሚባለው ድርጅት በ2015 ባወጣው ግምገማ 10 ጥናቶችን አይቶ ነበር። ፒላቴስ ምንም ካለማድረግ ይሻላል፤ ከሌላ ስፖርት ይበልጣል የሚል ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ላንቺ ጥሩ ዜና ነው። ውድ ስቱዲዮ፣ ስፕሪንግ ያለው የፒላቴስ መሣሪያ የግድ አያስፈልግሽም ማለት ነው። ደስ የሚልሽንና የማትተዪውን እንቅስቃሴ ያዢ። ምንጣፍ ላይ የሚሠራው ፒላቴስ ከወደድሽው እሰየው። በሺፍት መሀል ፈጠን ብሎ መራመድ ከቀለለሽም እሰየው። ክሊኒኩ ፊዚዮ ራሱ የሚያሠራው፣ ጥቂት ሰው ያለበት ክፍል ካለው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያንን እመርጥልሻለሁ።

ስትሠሪ አንድ ምልክት ተከታተዪ። ከእንቅስቃሴው በኋላ ሕመሙ ከባትሽ ወጥቶ ወደ ጭንሽ፣ ከጭንሽ ወደ ወገብሽ ከተሰበሰበ ወገብሽ ቢያምሽ እንኳ ጥሩ እየሄድሽ ነው። ወደ ታች እየወረደ፣ እስከ ጣትሽ እየደነዘዘ ከሄደ ያንን እንቅስቃሴ ተዪና ለፊዚዮሽ ንገሪ። ትንሽ ማመሙ ግን አያስፈራሽ። መተኛትም መፍትሔ አይደለም። ተኝቶ የዋለ ወገብ ይብስበታል።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ ያላነሳሽው፣ እኔን ግን በጣም ያሳሰበኝ ነገር አለ። ሥራሽ። ሰው ብቻሽን ከአልጋ ወደ ወንበር ታነሺያለሽ አይደል? በቀን ስንት ጊዜ? የፈለገ ጎበዝ ፊዚዮ ቢያይሽ፣ በማግስቱ ጠዋት እዚያው ሄደሽ 80 ኪሎ ሰው ብቻሽን የምታነሺ ከሆነ ድካማችን ከንቱ ነው። እዚህ አገር ከ1992 ጀምሮ ሸክምን የሚመለከት ደንብ አለ። አሠሪሽ በተቻለ መጠን አደገኛ ማንሳትን ማስቀረት አለበት። ማስቀረት ካልቻለ አደጋውን መዝኖ መቀነስ አለበት። ሆይስት (ሰው የሚያነሳ ማሽን)፣ ስላይድ ሺት (ሰው አንሸራትተው የሚያዛውሩበት ጨርቅ)፣ ሁለት ኬረር አብረው የሚገቡበት ዳብል አፕ የሚባለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ላንቺ ሲባል የሚደረግ ውለታ አይደለም። የደንበኛዋ ሁኔታ ከተለወጠ፣ ድሮ ትቆም የነበረች አሁን መቆም ካቃታት፣ ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ ዕቅዱ) እንደገና ይታይ ብለሽ ለማናጀርሽ በጽሑፍ ላኪ። በኢሜይል ወይም በቴክስት፤ ቀኑ የሚታይበት ይሁን። በስልክ ብቻ የተባለ ነገር ይረሳል።

ብዙዎቻችን «ሥራዬን ይቀሙኛል» ብለን ዝም እንላለን። ይገባኛል። ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ። ግን ሥራ ማቆምና ዝም ብሎ መሥራት ብቻ አይደለም ያለው ምርጫ። ከሐምሌ 2022 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ፊት ኖት የሚባለውን ወረቀት ሐኪም ብቻ ሳይሆን ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ ፊዚዮቴራፒስትም መስጠት ይችላል። ወረቀቱ ላይ «መሥራት አትችልም» የሚል ብቻ አይደለም ያለው። «ከተስተካከለላት መሥራት ትችላለች» የሚልም አለ። ከባድ የማንሳት ሥራ ለጊዜው ይቀርላት፣ ሰዓቷ ይቀነስላት፣ ቀስ በቀስ ትመለስ የሚል ይጻፍበታል። ጂፒ ቤት የሚያይሽን ፊዚዮ ይህን ጠይቂው። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይዘው ማናጀራቸውን ያነጋገሩና ቀለል ወዳለ ዙር የተዛወሩ ብዙ ሐበሻ ኬረሮች አውቃለሁ። ያልተሳካላቸውም አሉ፤ እነሱ የሠራተኛ ማኅበር አባል በመሆን ነው የተረዱት። አባል ካልሆንሽ አስቢበት።

ስለ ስግደቱ። ሳልሰግድ ጾም ጾም አይመስለኝም የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ላንቺም እንደዚያ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ገብቶኛል። ስለዚህ ዝም ብዬ ተዪው አልልሽም። ስግደት እንቅስቃሴ ነው፤ በባሕርዩ መጥፎ አይደለም። ዳሌን፣ ጉልበትን፣ ትከሻን ያሠራል። አሁን ባለሽበት ግን ደጋግሞ በፍጥነት መጎንበስና መነሳት እግርሽ ላይ ያለውን ሊያነሳሳው ይችላል። ምርመራው ላይ ለፊዚዮሽ እንዴት እንደምትሰግጂ ሠርተሽ አሳዪ። የውጭ ሰው ስግደት ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ሲያይ ግን ወዲያው ይገባዋል። እስከዚያው ከሞከርሽ ወገብሽን ከማጠፍ ይልቅ ዳሌሽንና ጉልበትሽን እጠፊ፤ እጅሽን መሬት ላይ አስደግፊ፤ በአንድ እግር ተንበርክከሽ ተነሺ። በጥቂቱ ጀምሪና ከላይ ያልኩሽን የባት ምልክት ተከታተዪ። ባትሽ ካስቸገረሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ለታመመ ሰው ስግደት እንደሚቀነስ፣ ከዚያም በላይ ከሆነ በሌላ ጸሎት እንደሚተካ ያውቃሉ። አባቶች በዚህ አያስጨንቁም። ረጅም ቅዳሴ ላይ ቆሞ መዋሉም ከከበደሽ መቋሚያ ተደገፊ ወይም ተቀመጪ፤ አንዱን እግር ካንዱ እያፈራረቅሽ ክብደትሽን አዛውሪ።

ጾሙን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ የምትወስጂ ከሆነ በባዶ ሆድ አትዋጪው፤ ጨጓራ ይልጣል። በእኛ አቆጣጠር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ከምግብ በኋላ አድርጊው። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ብዛት ካለብሽ ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት ፋርማሲስት ጠይቂ። ቀጠሮ አይፈልግም፤ ገብተሽ ማናገር ትችያለሽ።

ሰኞ ጠዋት ጂፒ ቤት ደውይ። በእንግሊዝ አቆጣጠር ጠዋት ስምንት ሰዓት ላይ መስመሩ ስለሚጨናነቅ ኦንላይን ፎርማቸውን ብትሞዪ ይቀልሻል። ለግሉ ክሊኒክም ከፈለግሽ ደውለሽ «መጀመሪያ ከሴት ፊዚዮቴራፒስት ጋር አንድ ምርመራ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ፓኬጁን በኋላ አስብበታለሁ» በያቸው። ደህና ክሊኒክ ከሆነ ይህን ሰምቶ አይከፋውም። ፊዚዮዋ ካየችሽ በኋላ ምን እንዳለችሽ፣ ማናጀርሽም ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ጻፊልኝ። እሱ ካስቸገረሽ ደብዳቤውን አብረን እንጽፈዋለን።